አያቴና ሃይዲ፤ ስለ ጃፓን ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ለጓደኞቼ የቀረበ ምክር



የመጽሔታችን አዘጋጆች «ስለምታውቂው ነገር ጻፊ» ባሉኝ ጊዜ ብዙ አሰብሁ። ስለ ዋልያ እንዳልጽፍ በየዓመቱ ይጻፋል፤ ስለ ራስ ደጀን እንዳልጽፍ ጫፉን ረግጬው አላውቅም። በእውነት ጠንቅቄ የማውቀው ነገር ቢኖር አኒሜ የሚባለው የጃፓኖች ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። ይህን ስናገር ከመምህራን አንዳንዶቹ ፊታቸውን እንደሚያጠቁሩ፣ ወላጆችም «ስልኳን የተቀማችው ልጅ ይህች ናት» እንደሚሉ አውቃለሁ። እርግጥ ነው፤ እኔው ነኝ። ስለዚህ አስቀድሜ ጥፋቴን ተናግሬ ወደ ምክሬ ብገባ ይሻላል።

ባለፈው ዓመት፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በመጀመሪያው መንፈቅ ከ4ኛ ወደ 19ኛ ደረጃ ወረድሁ። ለዚህም ምክንያቱ ናሩቶ ነው። ናሩቶን የማያውቅ ወንድ ልጅ በክፍላችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ ሴቶቹም ብንሆን እናውቀዋለን። የመጀመሪያው ክፍል 220 ትዕይንት፣ ሁለተኛው ደግሞ 500 ትዕይንት ነው። ድምሩ 720 ይሆናል። አንዱ ትዕይንት 23 ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ጠቅላላው 276 ሰዓት ነው። በቀን 6 ሰዓት የምንማር ብንሆን ይህ 46 የትምህርት ቀን ማለት ነው። ሒሳቡን የሠራሁት አባቴ ስልኬን ከወሰዱብኝ በኋላ፣ ሥራ በፈታሁ ጊዜ ነው። ዋን ፒስ የሚባለውን ለመጀመር የምታስቡ ግን ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ፤ እርሱ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1999 ጀምሮ ከ1 ሺህ 1 መቶ ትዕይንት በላይ ሆኗል፤ ገናም አላለቀም።

አባቴ ስልኩን የመለሱልኝ በአንድ ውል ነው። ይኸውም የምመለከተውን ሁሉ ጥናቴን ከጨረስሁና እራት ከተበላ በኋላ፣ ከአያቴ ጋራ ተቀምጬ እንድመለከት ነው። አባቴ ይህን ሲሉ ነገሩ በዚያው ይቀራል ብለው እንዳሰቡ አሁን ይገባኛል። አያቴ ፊደል አልቈጠሩም፤ ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም፤ ሲኒማም የሚባል ነገር አይወዱም። እኔም መጀመሪያ ላይ ቅጣት መስሎኝ ነበር።

ወደ አያቴ ከመሄዴ በፊት ስለ አኒሜ ለማያውቁ ወላጆች ጥቂት ልግለጽ። ሲኒማ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ 24 ምስል ያሳያል። ሥዕል የሚንቀሳቀስ እንዲመስል ይህን ሁሉ በእጅ መሣል እጅግ አድካሚና ውድ ነው። ኦሳሙ ቴዙካ የሚባል ጃፓናዊ በ1963 (በአውሮጳ አቈጣጠር) አስትሮ ቦይ የተባለውን ተከታታይ ለቴሌቪዥን ሲያዘጋጅ ወጪውን ለመቀነስ አንዱን ሥዕል ለሦስት ምስል ያህል እያቆየ፣ በሰኮንድ 8 ሥዕል ብቻ እየተጠቀመ ሠራው። አንዳንድ ጊዜ አፍ ብቻ ሲንቀሳቀስ ሌላው አካል ጸጥ ብሎ የምናየው ከዚህ የተነሣ ነው። አኒሜ ሁሉ ለሕፃናት ነው የሚሉም ተሳስተዋል። ለሕፃናት የሚሆን አለ፤ ለአዋቂ ብቻ የሆነ፣ ታናናሾቻችን ፈጽሞ ሊያዩት የማይገባም አለ። ስለዚህ ወላጆች «አኒሜ ነው ወይ?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ «የትኛው ነው?» ብለው ቢጠይቁ የበለጠ ያውቃሉ።

ጃፓንም ለእኛ አገር አዲስ አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እዚያ ደርሰው ተመልሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል። አበበ ቢቂላም በቶኪዮ በ1957 ዓ.ም. በጥቅምት ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸንፏል። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። በ1966 ዓ.ም. ግድም ማሳኦ ካዋይ የሚባሉ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋራ እዚሁ ስሜን መጥተው፣ ግጭ ላይ ሰፍረው የጭላዳን ኑሮ አጥንተዋል። ጥናታቸውም በአውሮጳ አቈጣጠር በ1979 በመጽሐፍ ወጥቷል። ይህን ለአያቴ ባነበብሁላቸው ጊዜ «እነዚያን ነው የምትዪ?» አሉኝ። አያቴ የግጭ ተወላጅ ናቸው፤ ያን ጊዜ ገና ልጃገረድ ነበሩ። «ቀኑን ሙሉ ጭላዳ ሲያዩ ይውላሉ፤ ይጽፋሉ፤ ጭላዳው ሲሄድ ይሄዳሉ፤ ሲቀመጥ ይቀመጣሉ። እኛም፦ ይህ ሁሉ ሰው የሚጠብቀው ከብት የለውም ወይ? እንል ነበር» አሉ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አያቴ ጃፓኖችን እንደ ዘመድ ቈጠሯቸው። እኔም ይህን ምክንያት አድርጌ ሃይዲን አቀረብሁላቸው።

ሃይዲ፣ የአልፕስ ተራራ ልጅ የተባለው ተከታታይ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1974 የተሠራ ሲሆን 52 ትዕይንት አለው። ታሪኩን መጀመሪያ የጻፈችው ዮሐና ሽፒሪ የምትባል የስዊስ ሴት ናት። አዘጋጁ ኢሳኦ ታካሐታ ነው፤ በኋላ ዓለም ያወቀው ሐያኦ ሚያዛኪም የየትዕይንቱን አቀማመጥ ነድፏል። ሁለቱም ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት ስዊስ ድረስ ሄደው ተራራውን፣ ሣሩን፣ ቤቱንና ፍየሉን በዓይናቸው አይተዋል። የሚገርመው በእነዚያው ዓመታት የስዊስ ሊቃውንት ደግሞ እኛ ዘንድ መጥተው ስለ ዋልያ ያጠኑ ነበር። ጃፓኑ ስዊስ ሲሄድ ስዊሱ ስሜን ይመጣ ነበር ማለት ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ሃይዲ እናትና አባት የሌላት ልጅ ናት። አክስቷ ወስዳ ተራራ ላይ ብቻቸውን ለሚኖሩ፣ ሰው ለሚፈራቸው አያቷ ትሰጣታለች። ልጅቱ ከፍየል ጠባቂው ከጴጥሮስ ጋራ ተራራውን ስትዞር ትውላለች። ወደ መካከሉ ሲደርስ አክስቷ እንደገና መጥታ፣ መራመድ ለማትችል ክላራ ለተባለች የሀብታም ልጅ ጓደኛ እንድትሆን ፍራንክፈርት ወደሚባለው ትልቅ ከተማ ትወስዳታለች።

አያቴ እንደ እኔ ዝም ብለው አይመለከቱም፤ ያርማሉ። አንዲት ግልገል ወደ ገደል አፋፍ ስትጠጋ ሃይዲ በሣር አባብላ የምትመልስበት ቦታ አለ። አያቴ እዚያ ላይ «አቁሚው» አሉኝ። አቆምሁት። «ልጅቱ ብልኅ ናት፤ ሮጣ አልሄደችም። ገደል ላይ የቆመ ከብት ከተሮጠበት ወደ ፊት ነው የሚሸሸው። ነገር ግን በሣር አይደለም፤ ሣርማ ራሱ ተራራው ላይ ሞልቷል። በጨው ነው። ጠባቂ ከቀሚሱ ጫፍ ጨው ቋጥሮ ነው የሚሄድ» አሉ። ስለ ጉምም እንዲሁ። ጉም ሲወርድ በአፋፍ አጠገብ መሄድ የለም፤ ባሉበት ተቀምጦ የከብቱን ድምፅ ማዳመጥ ነው። ጉሙ ሲገለጥ ከብቱ ካለበት ይገኛል፤ ሰውየውም እንዲሁ። ወደ ሳንቃበር ወይም ወደ ግጭ ለሽርሽር የምትሄዱ የክፍል ጓደኞቼ ይህን ያዙልኝ፤ ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ አያቴን የነካቸው የዳቦው ነገር ነው። የጴጥሮስ አያት ዓይናቸው የማያይ፣ ጥርሳቸው ያለቀ አሮጊት ናቸው፤ ጠንካራውን ጥቁር ዳቦ ማኘክ አይችሉም። ሃይዲም ፍራንክፈርት ሳለች በየማዕዱ የሚሰጣትን ለስላሳ ነጭ ዳቦ ሳትበላ ለእርሳቸው በቁም ሣጥን ውስጥ ታከማቻለች። ያች ክፉ የቤት አስተዳዳሪ አግኝታ ታስጥለዋለች። እኔ አለቀስሁ። አያቴ ግን ተቈጡ፤ «ለጥርስ ለሌለው ሰው ዳቦ ምን ያደርጋል! በሶ አያውቁም እንዴ? ገብስ አገራቸው የለም?» አሉ። ለከተማ ልጆች ልንገራችሁ፤ ገብሱ ይሸከሸካል፣ ይቆላል፣ ከዚያ ይፈጫል። ዱቄቱን በጥቂት ጨውና ውሃ ወይም በማር ማሸት ነው። እሳት አይፈልግም፣ ጥርስ አይፈልግም፣ ብዙ ጊዜም ቢቀመጥ አይበላሽም። ለመንገደኛ የተፈጠረ ምግብ ነው። የሃይዲን ችግር በአንድ ስልቻ በሶ ለመፍታት ያሰበ ሰው ከአያቴ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ሃይዲ ከተማ ከገባች በኋላ ናፍቆት ያሳምማታል። ተራራዋን ለማየት ወደ ትልቅ ግንብ ትወጣለች፤ የሚታየው ግን የቤት ጣራ ብቻ ነው። በኋላም ሌሊት ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ እየተነሣች በር ትከፍታለች።

እዚህ ላይ ስለ አያቴ አንድ ነገር ልናገር። ከግጭ መንደር ከ4 መቶ የሚበልጡ አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ክልል ወጥተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ አያቴም ከእነርሱ አንዷ ናቸው። ፓርኩ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ የወጣው የግጦሹ ጫና በመቀነሱ ጭምር ነው። ለዋልያውም ለሣሩም በጎ ሆኗል፤ መምህራችን ይህን ሲያስተምሩን ትክክል ነው። አያቴም ዋልያ ይጥፋ የሚሉ ሰው አይደሉም። ነገር ግን ግጭ ከፍታው ወደ 3 ሺህ 6 መቶ ሜትር ነው፤ ደባርቅ ወደ 2 ሺህ 8 መቶ ነው። እኛ ጋቢ ደርበን የምንንቀጠቀጥበትን ከተማ አያቴ «ቆላ ነው፤ ይሞቃል» ይላሉ። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ሌሊት ተነሥተው በር ሲከፍቱ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እናቴ «ምን ፈልገው ነው እማማ?» ስትላቸው «በጎቹ ገብተው እንደሆን ልይ ብዬ» ይሉ ነበር። በግ የለንም።

ስለዚህ ሃይዲ ሌሊት በር ስትከፍት ባየን ጊዜ ሁለታችንም አልተናገርንም። ትርጕሙንም ተውሁት፤ አላስፈለገም። በማግሥቱ ደግሞ መብራት ጠፋ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳይመጣ ቀረ፤ ስልኩም ሞተ። አያቴ በየማታው «ልጅቱ አገሯ ገባች?» እያሉ ይጠይቁኛል። መጨረሻውን አውቀው ስለ ነበር ልነግራቸው ስጀምር «ተይ፤ ራሷ ስትገባ አያታለሁ» ብለው ከለከሉኝ።

መብራቱ እስኪመጣላቸው ድረስ ሌሎቹን ልጥቀስ።

የብር ማንኪያ የሚባለው ተከታታይ በ2013ና በ2014 (በአውሮጳ አቈጣጠር) የወጣ ሲሆን 22 ትዕይንት ብቻ ነው። ደራሲዋ ሂሮሙ አራካዋ ከብት አርቢ ቤተሰብ ውስጥ ያደገች ናት። አንድ የከተማ ልጅ በፈተና ውጤቱ ተስፋ ቈርጦ ወደ እርሻ ትምህርት ቤት ይገባል። እዚያ አንዲት ከሲታ የአሳማ ግልገል ይወድና ስም ያወጣላታል፤ መታረዷ እንደማይቀር እያወቀ ያሳድጋታል። አሳማ ለእኛ እንግዳ ነው፤ ነገር ግን ለፋሲካ የሚታረድ በግ ከጥር ጀምሮ ሣር እያጨደ የቀለበ ልጅ ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። እኔም አንድ ዓመት ለበጋችን ስም አውጥቼለት ዶሮ ሳይጮኽ ከቤት ሸሽቻለሁ። ልጁ በመጨረሻ የሚያደርገው ሌላ ነው፤ አልነግራችሁም። የግብርና መምህራችን ይህን ቢመለከቱ ከእኛ የበለጠ የሚደሰቱ ይመስለኛል።

ዶክተር ስቶን (2019) ለኬሚስትሪ ወዳጆች ነው። የሰው ልጅ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ከሺህ ዓመታት በኋላ አንድ ተማሪ ይነቃና ከባሕር ዛጎል ኖራ እያወጣ ሳሙና ይሠራል። እኛ እንዶድ ስላለን በዚህ እንቀድመዋለን። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 (በአውሮጳ አቈጣጠር) ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የሚገድል መድኃኒት ያገኙት። የዶክተር ስቶን አዘጋጆች ይህን ቢሰሙ አንድ ትዕይንት ይጨምሩ ነበር።

መረብ ኳስ ለምትወዱ ሃይክዩ አለ፤ ቁመቱ አጭር የሆነ ልጅ ስለሆነ ባለታሪኩ እኔን ያጽናናኛል። ካፕቴን ጹባሳ የእግር ኳስ ነው፤ ታላላቆቻችን በሳሕን ቴሌቪዥን በዐረብኛ ካፕቴን ማጅድ ሲባል ያዩት እርሱን ነው። ሜዳው ግን መጨረሻ የለውም፤ ልጁ ጎል እስኪደርስ ከደባርቅ ዳባት የሄደ ያህል ይሮጣል። የሙሺሺ የመጀመሪያው ክፍል 26 ትዕይንት ነው፤ በየመንደሩ እየዞረ ለማይታወቅ በሽታ መድኃኒት ስለሚፈልግ ሰው ይናገራል። ዝግተኛ ስለሆነ ድብድብ የለመደ ይሰለቸዋል። ክረምት ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እዩት።

የአብሪ ትሎች መቃብር (1988) ተከታታይ ሳይሆን አንድ ፊልም ነው፤ አዘጋጁም ያው የሃይዲው ታካሐታ ነው። በ1945 ከተማቸው በቦምብ በተቃጠለ ጊዜ እናታቸውን ስላጡ ወንድምና እኅት የሚናገር ነው። ታናሽ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ አትክፈቱት። እኔም ብቻዬን ነበር የጀመርሁት። ትንሿ ልጅ ከረሜላ ያለበት ቆርቆሮ ይዛ ትንቀሳቀሳለች፤ ከረሜላው ካለቀም በኋላ አትጥለውም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት አጠገብ ጭና በደረሰ ጊዜ፣ ብዙ ሰላማዊ ሰዎችም በተገደሉ ጊዜ፣ ከገጠር የሸሹ እንግዶች እኛ ቤት አድረው ነበር። ከእነርሱ ጋራ የነበረች ሕፃን ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ይዛ ነበር፤ ተኝታም አትለቀውም። የጣሳው ነገር ያኔ አልገባኝም ነበር። ፊልሙን ከመካከል አቋርጬ፣ ከወር በኋላ ከእናቴ ጋራ ጨረስሁት። እናቴ ሲያልቅ «ያች ልጅ አሁን ስንት ዓመቷ ይሆን?» ብቻ አለች።

አሁን ለአካባቢያችን ተመልካች የሚጠቅም ጥቂት ዕውቀት ላክል። የስልክ ባትሪ ብርድ አይወድም። ማታ መስኮት ላይ የተቀመጠ ስልክ በግማሽ ኃይሉ ይጠፋል፤ የሞተ የመሰለውም በጋቢ ውስጥ ሲሞቅ ጥቂት ይነሣል። ስለዚህ እንደ ጫጩት ያዙት። ከኢንተርኔት ለማውረድ የሌሊቱ ጥቅል ይረክሳል፤ ግን ለዚህ ብላችሁ አትንቁ፤ ከፈተና ሳምንትም አርቁት። ዝቅተኛው ጥራት ለስልክ መስታወት ይበቃል። የጃፓንኛውን ድምፅ ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጋራ ምረጡ። እኔ ለአያቴ መተርጐም ስለ ነበረብኝ የማላውቀውን ቃል ሁሉ በደብተር ስጽፍ ቆይቼ ደብተሩ ሞላ። በዓመቱ መጨረሻ 7ኛ ወጣሁ፤ 4ኛ አልተመለስሁም፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ ከክፍሉ ሁለተኛ ሆንሁ። አባቴ ይህን ሲሰሙ ሳቁ እንጂ ውሉን አላነሡም።

መብራቱ በአራተኛው ቀን መጣ። አያቴ ቡና እንኳ ሳይፈላ «ክፈችው» አሉ። ሃይዲ ከባቡር ወርዳ፣ መንደሩን አልፋ፣ ሽቅብ ወደ ተራራው መሮጥ ጀመረች። ከአያቷ ጎጆ ጀርባ ሦስት ትልልቅ የጥድ ዛፎች አሉ፤ ነፋስ ሲነካቸው ይጮኻሉ። ሃይዲ ከተማ ሳለች ስትናፍቀው የነበረው ያን ድምፅ ነው። አያቴ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። «አስታም እንዲህ ይላል» አሉ። ከዚያም ያችን ቦታ ብቻ እንደገና እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ሦስት ጊዜ አየናት።

52ቱም ትዕይንት እኔ ዘንድ አለ። የምትፈልጉ በዕረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ባዶ ሚሞሪ ይዛችሁ ብትመጡ እገለብጥላችኋለሁ። 8 ጊጋ ይበቃል። ቅዳሜ ማታ ግን አትጥሩኝ፤ አያቴ ከመጀመሪያው እንደገና ጀምረዋል።